አይሸጥም፣ አይለወጥም

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ አቀስታ ሲደርሱ ጋቢ ያልያዘ ይቆጨዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገብስ፣ በግ፣ ባህር ዛፍና ታፔላ ነው። ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፣ ግልገሉን ቀበሮ ይበላዋል፣ ታፔላው ግን አንድም ዓመት ምርቱ ቀንሶ አያውቅም። «የተቀናጀ»፣ «ዘላቂ»፣ «አሳታፊ»፣ «ኑሮን የሚያሻሽል» እያለ ይወርዳል። ከግርጌው የለጋሹ ዓርማ፣ የአስፈጻሚው ዓርማ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ዓርማ፣ በመጨረሻም ፕሮጀክቱ የተጀመረበትና የሚያበቃበት ዓመት ተጽፏል። አንዳንዱ ታፔላ ላይ ቀለሙ ለቆ የቀረው የመነሻው ዓመት ብቻ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ፕሮጀክቱ ተጀምሮ ያላለቀ ይመስለዋል። ለሚያውቀውም እንዲሁ ነው።

ታፔላውን የተከለው ሰው ክፉ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልበል፣ ኋላ የሚቀየም እንዳይኖር። የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ ወሎን በዓለም ዘንድ በችግሯ ብቻ እንድትታወቅ አደረጓት፤ በችግሩ የታወቀ ደግሞ ጠያቂ አያጣም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጣ፤ ሕፃናት አድን ድርጅት መጣ፤ አመልድ የሚባል አገር በቀል ድርጅት ተቋቋመ፤ ከ1989 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስዊድኖች በሲዳ-አማራ የገጠር ልማት ፕሮግራም ምሥራቅ ጎጃምንና ደቡብ ወሎን ይዘው ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። ከሁሉም ቀላሉ ሥራ ነፍስ ማዳን ሆኖ ተገኘ። ያስቸገረው የዳነው ሰው በምን ይተዳደር የሚለው ነው። እህል ሲያራግፉ አንድ ቃል የማይለዋወጡ ሰዎች «መተዳደሪያ» ላይ ሲደርሱ ስብሰባ ያበዛሉ።

ከዚህ ሁሉ እርዳታ ዘላቂ ሆኖ የቀረው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ጣሳው ነው እለዋለሁ። የዘይቱን ጣሳ ማለቴ ነው፤ ባለ አራት ሊትሩን፣ «ከአሜሪካ ሕዝብ» የሚል በእንግሊዝኛ የታተመበትን። ዘይቱ ቶሎ አለቀ። ጣሳው ግን ውኃ ይቀዳበታል፣ ጤና አዳም ይተከልበታል፣ ተቀዶ ተደቅድቆ የዶሮ ቤት በር ይሆናል፣ ተቆራርጦ ኩራዝ ይሠራበታል። የስንዴው ማዳበሪያም እንደዚሁ ነው፤ እረኛው ልጅ አንዱን ጥግ ወደ ሌላው አስገብቶ በራሱ ላይ ይደፋውና የዝናብ ልብስ ያደርገዋል፤ ከብት ጠብቆ የሚመለስ ሕፃን ጀርባው ላይ የለጋሽ አገር ባንዲራ ይዞ ይመጣል። ሁሉም ዕቃ ላይ «አይሸጥም፣ አይለወጥም» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። በደጋው ገበያ ደግሞ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ተልባው የሚሰፈረው በጣሳ ነው። እንዳይሸጥ የተባለው ጣሳ ቃሉን ጠብቆ ሳይሸጥ ቀረ፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ተሸጠ።

ቀጥሎ የቆየው እርከን ነው። ቆየ ስል ግን ስለ ድንጋዩ አይደለም፣ ስለ ሥራው ነው። በ1970ዎቹ፣ በደርግ ዘመን፣ «ፕሮጀክት 2488» የሚባል የምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ነበር። የአንድ ቀን ዋጋ ሦስት ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። የወሎ ተራራ በዚያ ስንዴ ተከተረ፤ አናቱ ከሰውና ከከብት ተከልክሎ ችግኝ ተተከለበት። ተራራው የማን እንደሆነ ለገበሬው የነገረው አልነበረም፤ እርግጠኛ የሆነው ስንዴው የእሱ መሆኑን ብቻ ነው። በ1982 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ቅይጥ ኢኮኖሚ» አሉ፤ በዓመቱ እሳቸውም አገር ለቀው ሄዱ። መንግሥት በሌለባት በዚያች ክፍተት በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ የተከለለውም ዛፍ ተጨፈጨፈ። አዲሱ መንግሥት ገብቶ ጥቂት ሲደላደል «እርከን ያስፈልጋል» አለ። በ1997 ሴፍቲኔት የሚባለው የድጋፍ መርሐ ግብር ሲመጣ የሕዝብ ሥራው እርከን ሆነ። ከ2003 ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ አለ፤ ይሄኛው ስንዴ የለውም፣ በነፃ ነው። እንግዲህ አያት በስንዴ የሠራውን አባት አፈረሰው፤ ያው አባት በሴፍቲኔት መልሶ ሠራው፤ ልጅ በዘመቻ ይጠግነዋል። አፈሩ መያዙን፣ የደረቀ ምንጭ የተመለሰበት ቦታ መኖሩንም አልክድም። ግን በአንድ ተዳፋት ሦስት ትውልድ ያሠራ ኢንቨስትመንት አዲስ አበባም ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም።

የደጋው ገበሬ ዘመን የሚቆጥረው በሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የሰማይ ነው፤ በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከዘነበ ለጋምቦ ወረዳ ላይ ገብስ አለ፣ ካልዘነበ የለም። ሁለተኛው የመንግሥት ነው፤ በጀቱ ሐምሌ 1 ቀን ይወለዳል፣ ሰኔ 30 ቀን ይሞታል። ሦስተኛው የለጋሹ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመቱን የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 20 ቀን ነው። ሰማይ ሲያረፍድ ለምን አረፈድህ የሚለው የለም። የመንግሥትና የለጋሽ በጀት ግን ካላለቀ ተመላሽ ነው፤ ብር ያስመለሰ ኃላፊ ደግሞ ሰርቆ ከተያዘው ይልቅ ያፍራል።

ስለዚህ ሰኔ ላይ፣ ገበሬው በሬ ጠምዶ ዓይኑን ከደመናው በማይነቅልበት ወር፣ በወረዳ ከተማ አዳራሽ ባዶ አይገኝም። የንብ ማነብ ሥልጠና፣ የበግ ማድለብ ሥልጠና፣ የሥርዓተ ፆታ ሥልጠና፣ የሕይወት ክህሎት ሥልጠና። የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠናም አለ፤ ገበሬን በሰኔ አጋማሽ ከሞፈሩ ጠርቶ ጊዜን እንዴት በአግባቡ መጠቀም እንዳለበት የሚያስረዳ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ ከመክፈቱ በፊት የከተማዋ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሆቴል አዳራሽ ነበር፤ በሻይ እረፍት ብስኩት፣ በምሳ ጥብስ፣ በመጨረሻ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባልና ይጨበጨባል። በጉም የሚገዛው ሰኔ ላይ ነው። የበግ ነጋዴ የበጀት ማለቂያን ከፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በተሻለ ያውቃል፤ ፋሲካም ዒድም በሌለበት ሳምንት የበግ ዋጋ የሚሰቀልበትን ምክንያት የማያውቅ ካለ የወረዳውን የግዥ ዕቅድ ይመልከት።

ገበሬው ደግሞ የዋህ ነው ብሎ የሚያስብ አለ፣ በተለይ ከሩቅ የመጣ። «ነገ ሥልጠና አለ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለምን እንደሆነ አይደለም። «አበል አለው?» ነው። አለው ከተባለ ቤተሰቡ ይመካከራል፤ የንቡን አባት ይሄዳል፣ የዶሮውን እናት፣ የወጣት ሥራ ፈጠራውን ከቤት ያለው ሁሉ፣ ወጣት ባይኖር አጎትም ቢሆን። ንብ የሌለው ሰው የንብ ሥልጠና ሦስት ጊዜ ወስዶ ዘመናዊ ቀፎ ተሰጥቶት፣ ቀፎው ውስጥ በርበሬ ያስቀምጥበታል። ለምን ሲሉት መልሱ አጭር ነው፦ «ከዝናብ ይጠብቃል፣ ክዳኑም ይገጥማል።»

የባቄላው ነገር እዚህ ቦታ መነገር አለበት። አንድ ቀበሌ ላይ የኑሮ ደረጃ ልየታ ሲደረግ ነበርኩ። ባለሙያው ልጅ እግር፣ ትሑት፣ ጫማው ገና ጭቃ ያልለመደ ነው። መሬቱ ላይ አራት ክብ ሠራ፦ ሀብታም፣ መካከለኛ፣ ድሃ፣ የድሃ ድሃ። ለየሰዉ ጭብጥ ጭብጥ ባቄላ ታደለ፤ የመንደሩን ቤት ሁሉ በየደረጃው በባቄላ መድቡ ተባለ። ረጅም ክርክር ሆነ። በመጨረሻ የሀብታሙ ክብ ውስጥ አንድም ፍሬ አልገባም።

«እንዴት አንድ እንኳ ይጠፋል?» አለ ባለሙያው።

«ልጄ፣» አሉት አንድ ሽማግሌ፣ «የኛን ሀብታም እዚህ አታገኘውም። ደሴ ነው ያለው።»

ባለሙያው ፎቶ አነሳ፤ ወደ መኪናው ሄዶ ቅጽ ይዞ ሲመለስ ከሁሉ የበለጠ ክምር የነበረበት የድሃ ድሃው ክብ ባዶ ሆኗል። አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። «እማማ፣ መረጃው እኮ ነው የወሰዱት!» አለ ደንግጦ። «አብሽር፣» አሉት፣ «አንተ ፎቶው አለህ። ንፍሮ ግን በፎቶ አይሆንም።» በዚያ ቀን ከተሰበሰብነው ሁሉ የስብሰባውን ዓላማ ያሳካ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከመርሐ ግብሮቹ ሁሉ ሴፍቲኔት ትልቁ ነው፤ በእሱ ላይ ሲቀልዱም መጠንቀቅ ይገባል። በ1997 ሲጀመር በመላ አገሪቱ ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ያዘ፤ ኋላ ወደ 8 ሚሊዮን ደረሰ። ለጋምቦና ሳይንት ዓይነቶቹ ወረዳዎች ያውቁታል፤ ጉልበት ያለው በዓመት ስድስት ወር፣ በወር አምስት ቀን ይሠራል፤ አረጋዊውና ሕመምተኛው ሳይሠራ በቀጥታ ይረዳል። ቤተሰብ የሚራብበትን ጊዜ እንዳሳጠረ ተጠንቷል፤ በሬውን ሽጦ በልቶ ለከርሞ ባዶ እጁን እንዳይቀር የረዳውም ሰው ብዙ ነው። ችግሩ የመጣው ከምረቃው ነው። ሲጀመር በአምስት ዓመት ውስጥ ተረጂው ንብረት አፍርቶ ራሱን ይችላል፣ ከመዝገብ ይወጣል ተብሎ ነበር። አምስቱ ዓመት ካለፈ ቆየ።

ንብረቱን የሚቆጥረው ኮሚቴ መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል። ዋዜማውን ላሟ አማት ቤት ትሄዳለች። በጎቹ ይበታተናሉ። ጎጆ ያልወጣው ልጅ በመዝገብ ጎጆ ይወጣል። ኮሚቴው ግቢ ገብቶ ባዶ በረት ያያል፣ ያዝናል፣ ይጽፋል። የኮሚቴው አባላት አልገባቸውም እንዳትሉ፤ የእነሱም ላም አማት ቤት ናት። ላሟ ከዓመት ዓመት መንገዱን ስለለመደች ነጂ እንኳ አትፈልግም። በሌላ በኩል ደግሞ ወረዳው ኮታ አለበት፤ ዘንድሮ ይህን ያህል ቤተሰብ ራሱን ቻለ የሚል ሪፖርት ዞኑ ይጠብቃል፣ ዞኑን ክልሉ ይጠብቀዋል። ኮታው ሊሞላ ሲቃረብ የሚገኘው ያ ላሙን ያልደበቀው ሰው ነው። ይጨበጨብለታል፣ ይሰናበታል። ስለዚህ በእኛ አገር ከድህነት የሚመረቀው ላም ያለው ሰው አይደለም፤ ላም የሚደብቅለት አማት የሌለው ነው።

ይህ ወሬ ብቻ እንዳይመስል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልማት ምርምር ተቋም ሰዎች ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ለጋምቦን ጨምሮ በወሎ ወረዳዎች ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትለው ነበር፤ ጊዜው የ1992ቱን ድርቅ ዙሪያ የሚያካትት ነው። ወርቅነህ ነጋቱና ፒተር ሊትል የተሳተፉበት ይህ ጥናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ሲታተም ያለው ነገር፣ የወደቀው ይነሳል፣ የተነሳው ይወድቃል፣ ጠቅላላ ድህነቱ ግን እምብዛም ፈቀቅ አላለም የሚል ነው። ብዙ እንቅስቃሴ አለ፣ መድረስ የለም። ላሟን አስቡ።

ሞዴል አርሶ አደሩንም እናስብ። በየቀበሌው አንድ አይጠፋም፤ ለመንገድ ቅርብ ነው፣ ላንድክሩዘር ይገባበታል፣ ተናጋሪ ነው። የመስክ ጉብኝት ሁሉ እሱ ግቢ ያልቃል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃው እንግዳ ሲመጣ ይለኮሳል፣ እንግዳ ሲሄድ ባለቤቱ ወደ ሦስት ጉልቻቸው ይመለሳሉ፤ ምድጃው ማገዶ የመቆጠቡ ምስጢርም ይኸው ነው። የፖም ችግኙ ፊት ለፊት የቆመበት ቦታ ሣር አያበቅልም፤ ሁልጊዜ ፎቶ የሚነሱት እዚያ ነው። «ምን ለውጥ አመጣህ?» ሲሉት ሳይደናቀፍ ይመልሳል፣ አስተርጓሚው ሳይቀር መልሱን በቃሉ ይዞታል። ሰውየው ጎበዝ ገበሬ መሆኑ እውነት ነው። ግን እንግዳ ሲቀበል ስለሚውል ማሳውን የሚያርስለት የእኩል አራሽ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ አገር ፕሮጀክት ሳይኖር የነበረ መተዳደሪያ አለ፤ ባለሙያው በየዓመቱ እንደገና ይፈለስፈዋል። ርቢ አለ። በግ ወይም ላም ያለው ለሌለው ይሰጣል፤ ያኛው ይጠብቃል፣ ያረባል፣ ውላጁን በስምምነታቸው ይካፈላሉ። ውሉ በቃል ነው፣ ሲጣሉ ሽማግሌ አለ። እንግዲህ አንድ ፕሮጀክት ይመጣና ለአንዷ እናት በግ ይሰጣል፣ በጓ ስትወልድ ግልገሏን ለጎረቤት ያስተላልፉ ይላል፤ ለዚህም መመሪያ፣ ማንዋል፣ የአሠልጣኞች ሥልጠና፣ አጋማሽ ግምገማ ያዘጋጃል። እናቶቹ ማንዋሉን በጸጥታ ያዳምጣሉ። ርቢ መሆኑን ለባለሙያው የሚነግረው የለም፤ ቢነገረው ሥልጠናው ይቀራል፣ ሥልጠናው ከቀረ አበሉ ይቀራል።

ቅሬም አለ፤ የመንደሩ እድር ማለት ነው። የወሎ ሰው ሞቶ በቅሬ ይቀበራል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቅሬ አለው፤ አርፍዶ የመጣ ይቀጣል፣ የቀረ ከፍ አድርጎ ይቀጣል። በሬ የሞተበትን፣ ቤቱ የተቃጠለበትን የሚያቋቁም ቅሬም አለ። አሁን ደግሞ የቁጠባ ቡድን ይመሠረታል፤ ባለ ሦስት ቁልፍ የብረት ሣጥን ይመጣል። ሦስቱ ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ ይቀመጣል፤ ሣጥኑ ራሱ በአራተኛ ሰው ቤት። ሦስቱ ቁልፍ ያዦች አንድ ላይ የሚገኙት አንዳቸው ዘመድ ሲሞትበት፣ ቅሬው ሲጠራቸው ነው። የቅሬው ገንዘብ ግን እስከ ዛሬ በአንዲት እናት መቀነት ውስጥ ነው፤ የጎደለ ቀን አልሰማሁም። ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው አብቁተም ብድር ሲሰጥ የቡድን ዋስትና ይጠይቅ የነበረው በዚሁ መተማመን ላይ ቆሞ ነው። ወለዱ የባንክ ነበር፣ መተማመኑ የመንደር።

ወደ ደንቆሮ ጫካ ብንሻገር ሌላ ትዕይንት አለ። የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው፣ ኋላ ወረሂመኑ የሚል የተጨመረበት፣ ከመካነ ሰላም ብዙ አይርቅም። ቀይ ቀበሮ አለበት፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም የትም የለም፣ በአገሪቱም የቀረው ቢበዛ 500 ገደማ ነው። ጭላዳ አለበት፣ የምኒልክ ድኩላ አለበት። ጫካው ሲከለል ለአካባቢው ሰው የተነገረው ግልጽ ነበር፦ ጓሳውን ማጨድ ትቀንሳላችሁ፣ ከብት አታስገቡም፣ በምትኩ ቱሪስት ይመጣል። የአስጎብኚ ሥልጠና ተሰጠ፣ ስለ ዕደ ጥበብ ሽያጭ ተወራ፤ ባናው፣ ምንጣፉ ለፈረንጅ ይሸጣል ተባለ። በየዓመቱ ሳያሰልስ የመጣው ጎብኚ ጭላዳ ነው። ገብሱ ሲያሸት ይመጣል፣ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፣ መግቢያ አይከፍልም፣ አስጎብኚም አይፈልግም። ባናም አይገዛም፤ ጠጉሩ የራሱ ነው።

እኛ አዲስ አበባ ያለን የአገሩ ተወላጆችም ከዚህ ትዕይንት ውጭ አይደለንም። ዓመት በዓል ሲቃረብ የልማት ማኅበር ይጠራናል፤ በአገር ቤት ስላለው ወገን እያዘንን ቁርጥ እንበላለን፣ ዘፋኝ ይመጣል፣ ጨረታ ይወጣል፣ የአዳራሹ ኪራይ ከተቀነሰ በኋላ በተረፈው ታፔላ እናስጽፋለን። ውጭ አገር ያሉት ደግሞ ከእኛ ይሻላሉ፤ አዳራሽ አይከራዩም፣ በዙም ነው የሚጣሉት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደጋው በምን ኖረ? በባህር ዛፍ ነው አንደኛው። ባለሙያው ባህር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደኽያል ይላል፤ ልክ ነው። ከአጤ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ግን ገበሬው እየሰማ እየተከለ ነው፤ ልጁ ሆስፒታል ሲገባ፣ ማዳበሪያ ሲወደድ፣ ሠርግ ሲደርስ ሁለት ቋሚ ሸጦ የሚወጣው ከዚያው ነው። በ2011 ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እሱ የተከላትን አንዲት ረድፍ ባህር ዛፍ የቆጠረለት አልነበረም፤ እሷ ግን ጸድቃለች።

ሁለተኛው አረብ አገር ነው። በዚህ ላይ መቀለድ አይሆንልኝም። ከደቡብ ወሎ መንደሮች ሴት ልጅ ጂዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት ያልላከ ስንት ቤት ይገኛል? የቆርቆሮ ክዳኑ፣ የወንድሟ ትምህርት፣ የአባቷ በሬ ከእሷ ጉልበት የመጣ ነው። በ2006 ሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ የሚበልጥ ኢትዮጵያዊ ጠርዞ ሲመልስ ከተመለሱት ብዙዎቹ የዚህ አገር ልጆች ነበሩ፤ ቦሌ ላይ አንድ ፌስታል ይዘው ወረዱ፤ ብዙዎቹም ዳግም ሄዱ። የኑሮ ዘዴ መጠይቁ ላይ ሰብል፣ እንስሳት፣ የቀን ሥራ፣ አነስተኛ ንግድ የሚል ሣጥን አለ። የእሷ ብር «ሌላ» የሚለው ውስጥ ትገባለች።

በ2017 ጥር ላይ ዋሽንግተን የእርዳታውን በር ዘጋች፤ በሰኔ መጨረሻ የእርዳታ ድርጅቷ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ፈረሰ። ገበሬዎችን ስለ ጥገኝነት አስከፊነት ለዓመታት ያስተማሩ ባለሙያዎች በአንድ ኢሜይል ከደመወዝ ተሰናበቱ። በየፕሮጀክቱ ሰነድ መጨረሻ «የዘላቂነት ስልት» የሚል ምዕራፍ ነበር፤ ለጋሹ ሲወጣ ኅብረተሰቡ ሥራውን እንዴት እንደሚቀጥል የሚያብራራ። ባለሙያው እንዴት እንደሚቀጥል የሚያብራራ አንቀጽ ግን አልነበረበትም። ስንዴው ሲቋረጥ ግን የተራበ ሰው አለ፤ ጣሳውን አንስቼ የቀለድኩት ይህን ረስቼ አይደለም። በ2015 ሰኔም እህሉ መንገድ ላይ ይሰረቃል ተብሎ ለወራት ታግዶ ነበር፤ ያኔም የተቀጣው የሰረቀው አልነበረም።

ከተሰናበቱት አንዱን ደጋው ውስጥ፣ አንዲት ከተማ ዳር ላይ አገኘሁት። ከዚህ ቀደም የስኬት ታሪክ ይጽፍ ነበር፤ ከድህነት የወጡ እናቶችን ከበጎቻቸው ጋር ፎቶ እያነሳ ወደ ላይ ይልክ ነበር። አሁን ሁለት በግ ከግቢው አስሯል። የማን ናቸው ስለው ትንሽ አፈር አለ። ታሪካቸውን የጻፈላቸው አንዲት እናት ሥራ መፍታቱን ሰምተው በርቢ ሰጥተውት ነው። ሲሰጡትም ውሉን አስረድተውታል፤ የመጀመሪያው ግልገል የእሳቸው፣ ሁለተኛው የእሱ፤ ጠጉሩም ፍጉም የእሱ።

«እትዬ፣ እንዴት እንደያዝኳቸው በየወሩ መጥቼ አሳውቅዎታለሁ» አላቸው፣ ልማዱ ነውና።

«ተወው፣ እግርህን አታድክም፣» አሉት። «ከሞተችብህ ቆዳዋን ይዘህ ና። ሪፖርት አልቀበልም።»